ፊልሙ ዝም ሲል

የሆስፒታሉ የስልክ ኦፕሬተር የዓይኗን ብርሃን ያጣችው ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። ሰው ሲጠይቃት ግን፣ «እኔ የምታወረው ፊልም ዝም ሲል ብቻ ነው» ትላለች። ቀልዷን አይደለም። ሰው ሲናገር፣ በር ሲንኳኳ፣ መኪና ሲነሳ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ከማንም እኩል ታያለች። ተዋናዮቹ አፋቸውን ዘግተው ሙዚቃው ብቻውን የቀረ እንደሆነ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። አንዱ አንዱን ይሳመው፣ ይግደለው፣ ወይም ቆሞ በመስኮት ይመልከት፣ በምን ታውቃለች?

ሥራ ቦታዋ ላይ ስለ ዓይኗ የሚያነሳ የለም። በምድር ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ማዳመጫዋን ራሷ ላይ አጥልቃ፣ የሚደወለውን ሁሉ ወደየክፍሉ ታስተላልፋለች። የደዋዩን ትንፋሽ ሰምታ፣ ገና «ሀሎ» ሳይል፣ ማዋለጃ ይሁን ድንገተኛ ክፍል የሚፈልገው ጣቷ ይገምታል። ሐኪሞቹ «እትዬ ሀሎ» ይሏታል። ግማሾቹ መልኳን አያውቁትም፤ ድምፅዋን ግን ከሺህ ድምፅ ይለዩታል።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። እንደ ሙያ ጓደኞቹ ሁሉ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። ሲኒማ ከልጅነቷ ጀምሮ ነፍሷ ስለነበር፣ «እኔን ያገባኝ በቀለበት አይደለም፣ በሲኒማ ትኬት ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር። በተጋቡ በዓመቱ ግን ዓይኗ ጉም እየለበሰ መጣ። መጀመሪያ የጋዜጣው ጽሑፍ ተሰወረባት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ ቀጥሎ ደረጃው። የዓይኗ ነርቭ ነው አሉ ሐኪሞች። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ፣ «ከእንግዲህ የሚመለስ ነገር የለም» አላቸው።

ከሆስፒታሉ ወጡ። ያ ምላሰኛ ሰው መንገዱን ግማሽ ያህል ዝም ብሎ ሄደና በመጨረሻ፣ «ሲኒማ እንግባ» አለ።

«አብደሃል? እኔ እዚያ ምን ላደርግ?»

«እኔ አይቼ እነግርሻለሁ።»

ገቡ። ፊልሙ በአንድ ሐይቅ ወደብ ላይ የጀልባ ገመድ የሚያስር ሠራተኛ ታሪክ ነበር። ሚስቱ ለሕክምና ወደ ማዶ ተሻግራለች፤ እሱ በየማታው የመጨረሻዋን ጀልባ ይጠብቃል። መጨረሻው ላይ ንግግር የሚባል የለም፤ ውሃና ሙዚቃ ብቻ ነው። ባልየው ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ፣ «ጀልባዋ መጣች… ሰዎች እየወረዱ ነው… ቆይ… ቆይ… ቀይ ሻርፕ! እሷ ናት! ወረደች፣ አቀፈችው» አላት።

ከኋላቸው አንድ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ እባክህን፣ እኛም ዓይን አለን!» ብሎ ጮኸ። ባልየው ኩምሽሽ አለ። እሷ ግን ማንንም አልሰማችም፤ በደስታ እያለቀሰች ነበር።

ያ ቀይ ሻርፕ ስንቅ ሆናት። በነጩ ዘንግ መሄድ ስትለማመድ እየወደቀች፣ በጣቶቿ ማንበብ ስትማር እየተበሳጨች፣ ለኦፕሬተርነት ስትሠለጥን መስመር እያምታታች፣ ሆድ በባሳት ቁጥር ያቺን ከጀልባ የምትወርድ ሴት ታስባታለች። የሄደ ሰው ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው ትላለች ለራሷ። ዓይኗ ይመጣል ብላ አይደለም፤ የሆነ ነገር ይመጣል።

ሲኒማ ቤት ግን ደግመው አልገቡም። ባልየው ያቺን ጩኸት አልረሳትም። ቴሌቪዥን ገዙ፤ እሱም የቤቱ ተራኪ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሻዩን ይዞ ይጀምራል።

«ገባ። ሰውየው ገባ። ኮቱን የተከራየው ይመስላል። ወደ መሳቢያው ሄደ… ሽጉጥ! አይ፣ ማበጠሪያ ነው።»

ልጃቸው አድጋ ቤት እስክትለቅ ድረስ፣ «አባዬ፣ እኔም እኮ እያየሁ ነው!» ማለት የዘወትር ጸሎቷ ነበር።

ዓመት ዓመትን ሲወልድ ግን ባልየው ደከመ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ነው፤ ትረካው እየተቆራረጠ፣ እየሳሳ ሄደ። ፊልሙ ሲጋጋል ደግሞ እሱ ራሱ ይመሰጥና መናገሩን ይረሳዋል። «ምን ሆነ?» ስትለው፣ «ቆይ ልይ» ይላታል። ከዚያ በኋላ የሚነግራት ነገር እንደቀዘቀዘ ሻይ ነው። አንዳንዴ ጭራሽ መልሱ ማንኮራፋት ይሆናል፤ እሷም ልትቀሰቅሰው አይሆንላትም። ባልና ሚስት በዚህ አይጣሉም፤ ግን አንድ ቀን፣ «እኔ ፊልም ሰለቸኝ፣ አንተ እይ» ብላ ሬድዮዋን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። በማግስቱም እንዲሁ። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። እሱ ሳሎን፣ እሷ መኝታ ቤት። እሱ እውነት የሰለቻት መሰለው፤ እሷ ደግሞ እንዲመስለው ፈለገች። ሸክም መሆን ከምንም በላይ ያማታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ደወለች።

«ሀሎ፣ ይቅርታ፣ የዓይን ክፍል ፈልጌ ነበር። ከቴሌቪዥን ጣቢያ ነው የምደውለው። አዲስ አገልግሎት ልንጀምር ነው፤ ማየት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን። ፊልሙ ላይ ንግግር በሌለበት ክፍተት አንድ ተራኪ የሚታየውን ይገልጻል፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ያዘ። ከመጀመራችን በፊት የሚሞክሩልን ሰዎች ፈልገን፣ የዓይን ክፍሉ ቢያገናኘን ብለን…»

የኦፕሬተሯ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ስትኖር የሰው ጉዳይ በጆሮዋ አልፎ በአፏ ወጥቶ አያውቅም። ማገናኘት ነው ሥራዋ፣ መግባት አይደለም። ጣቷ ግን አልወርድ አለ።

«እህቴ፣» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «የዓይን ክፍሉን ልሰጥሽ እችላለሁ። ግን እዚያ ያሉት ሁሉ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። የምትፈልጊው ሰው ስልኩን አንስቶልሻል።»

«እንዴ!» አለች ደዋይዋ። ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸው መጣ።

ለባሏ አልነገረችውም። እንጀራዬን የሚቀማ ተራኪ መጣብኝ ብሎ ሆዱ እንዳይሻክር ሰግታ፣ «ስብሰባ አለብኝ» ብላው በዕረፍት ቀኗ ወደ ጣቢያው ሄደች። የደወለችው ሴት በር ላይ ተቀበለቻት። የገለጻውን ጽሑፍ የምትጽፈው እሷ ራሷ ኖራለች፤ በድምፅዋ ገና ወጣት ናት። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ነበሩ፦ ከተወለደ ጀምሮ አይቶ የማያውቅ የሙዚቃ መምህር፣ እና በስኳር በሽታ ዓይናቸውን ያጡ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ አዛውንት።

ፊልሙ ሲጀምር ገና ከመጀመሪያዎቹ ንግግሮች አወቀችው። የወደቡ ሰው ነው! ልቧ ዘለለ። ከጣቢያው ብዙ ፊልም መካከል የእሷው ፊልም!

የተራኪዋ ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። ተዋናዮቹ ሲናገሩ ዝም፣ እነሱ ዝም ሲሉ እሷ። «ሰውየው የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠቅልሎ ማዶውን ያያል። ጀንበር ውሃው ላይ ዝቅ ብላለች።» ኦፕሬተሯ ወንበሯን ግጥም አድርጋ ያዘች። ማንም በጆሮዋ አያንሾካሹክም፣ ማንም ከኋላ አይጮህም፣ ማንም «ቆይ ልይ» አይልም። ባሏ ያልነገራት ስንት ነገር ነበር! ሰውየው በየማታው፣ ጀልባዋ ከመምጣቷ በፊት፣ በተሰበረ መስታወት ፊት ቆሞ ፂሙን ይላጫል። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ይህን እንዴት ዘለለው? ብላ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

መጨረሻው ደረሰ። ያ ሙዚቃ። ያ ውሃ። እንባዋ ከወዲሁ አቀረረ።

«ጀልባዋ ትቀርባለች። ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ። አንድ ሽማግሌ። ልጅ ያዘለች ሴት። ወታደር። ጀልባዋ ባዶ ናት። ሰውየው ባዶዋን ጀልባ ያስራል። በሐዘን ተሞልቶ ይቆማል።»

ሙዚቃው አለቀ።

ጸሐፊዋ አስተያየት ጠየቀች። ቀድመው የተናገሩት ሹፌሩ ነበሩ። «ልጄ፣ በጣም ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ። ሐዘኑን ለእኔ ተይልኝ። አንቺ እጁ ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ፣ ማዘኑን እኔ አዝናለሁ።» የሙዚቃ መምህሩ ደግሞ ትረካው ሙዚቃው ላይ መውጣቱን አልወደደውም። «ቀለሙን ግን አትተዉት። ቀይ ለእኔ ቃል ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሰዎች ስለ ምን ቀይ እንደሚሉ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ።

«እርስዎስ?» አለች ጸሐፊዋ ወደ ኦፕሬተሯ ዞራ።

«ጀልባዋ ባዶ ናት?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እየደጋገምኩ ነው ያየሁት። ለምን?»

«ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት አትወርድም?»

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። «እትዬ፣ እዚህ ፊልም ውስጥ ቀይ ሻርፕ የሚባል የለም።»

ኦፕሬተሯ ከጣቢያው ወጥታ በቀጥታ ወደ ባሏ ፀጉር ቤት ሄደች። ቆሽቷ አሯል። የምታውቀው መንገድ ነው፤ ዘንጓ ድንጋዩን ሲመታ ድንጋዩ ራሱ ጥፋተኛ ይመስላል። በሩን ከፈተችው። የሳሙናና የሽቶ ሽታ፣ የምላጭ ድምፅ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀይ ሻርፑ የታለ?»

ባልየው የደንበኛ አገጭ ይዞ ቆሞ ነበር። «የምን ሻርፕ? የኔ እመቤት፣ ምን ሆነሻል? ምላጭ ይዣለሁ፣ ቆይ።»

«የወደቡ ፊልም! ዛሬ አየሁት። እኔ ራሴ አየሁት! ጀልባዋ ባዶ ናት!»

ምላጩ ቆመ። ደንበኛው በአረፋው ውስጥ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ እኔ ወጣ ልበል?» አለ።

«ግማሽ ፂም ይዘህ የት ትሄዳለህ? ቁጭ በል!» ምላጩ ሸክላው ሳህን ላይ ቃጭ አለ። ከዚያ በዝግታ፣ «የት አገኘሽው?» አላት።

ነገረችው። ስልኩን፣ ጣቢያውን፣ ተራኪዋን። እሱ አላቋረጣትም፤ ይህም ብርቅ ነው።

«ዋሸኸኝ» አለች ስትጨርስ።

«ዋሸሁሽ።»

«ያን ሁሉ ዓመት!»

«ያን ሁሉ ዓመት።»

«ሌላስ? ሌላ ምን ዋሽተኸኛል?»

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አከከ። «ከየቱ ልጀምር?»

ደንበኛው ሳቁን አፈነው። «ያቺ የተከታታዩ ድራማ አማት፣» አለ ባልየው፣ «ከፎቅ የወደቀችው…»

«እ?»

«አልወደቀችም። ታማ ዳነች። እኔ መታገሥ አቅቶኝ ነው የጣልኳት።»

«ታዲያ በሚቀጥለው ሳምንት ድምፅዋን ስሰማ መንትያ እህቷ ናት አላልከኝም?»

«ምን ላድርግ፣ ተመልሳ መጣችብኝ!»

በዚህ ጊዜ ደንበኛው ከነአረፋው ፈነዳ። ኦፕሬተሯ ከንፈሯን ነከሰች፣ ታገለች፣ አልሆነላትም፤ ሳቅ አሸነፋት። ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ደንበኛው ፂሙ ተጨርሶለት ሲወጣ፣ «እትዬ፣ እኔ እንኳ ብሆን እገፈትራት ነበር» ብሎ ወጣ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ክንዱን ይዛ ነበር። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ውስጧ ቀርቷል።

«ባዶ ናት ብትለኝ እችለው ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ፣ አንቺ ትችዪው ነበር። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ጠዋት ሐኪሙ እንደዚያ ብሎን፣ ከዚያው ወጥተን ደግሞ ያ ሰውዬ ባዶ ጀልባ ሲያስር እያየሁ… አፌ እምቢ አለ። ሻርፑ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም።»

ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «ሻርፑስ ጥሩ ነበር» አለች። «ፂሙን የሚላጨውን ግን ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ይላጫል እንዴ?»

«በየማታው! በተሰበረ መስታወት።»

ባልየው ቀጥ አለ። «እኔ'ኮ ማያውን ሳይሆን አንቺን ነበር የማየው» አለ።

አገልግሎቱ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተጀመረ። ልጃቸው መጥታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ምርጫ አስተካክላ፣ የመቆጣጠሪያው ቁልፍ ላይ እናቷ በጣቷ የምታገኘው ትንሽ ፕላስተር ለጠፈችበት። ኦፕሬተሯ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሬድዮው እዚያው ቀረ። ባልየው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፉን የሚያደርግበት ጠፋው። ተራኪዋ «ሰውየው ገባ» ስትል፣ እሱም ከአፏ ነጥቆ «ገባ» ይላል፤ ሚስቱ በክርኗ ነካ ታደርገዋለች። «ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው» ይላል እየተነፈሰ።

ጣቢያው ኦፕሬተሯን በዕረፍት ቀኖቿ አዳዲስ ገለጻዎችን እንድትገመግምላቸው ጠየቃት፤ ደስ እያላት ገባችበት። አንድ ቀን ባሏንም ይዛው ሄደች። ድምፁ ያማረ ነው፤ ለትረካ ይሞከር ተባለ። ማይክሮፎን ፊት አስቀመጡት። ወረቀቱ፣ «ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጣል» ይላል። እሱ፣ «ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፀጉሩን ማን እንዳበላሸው እንጃ» ብሎ አነበበ። ደግመው ሞከሩት። አሁንም ከራሱ ጨመረ። ጸሐፊዋ ከመስታወቱ ወዲያ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስትስቅ ይሰማ ነበር። በክብር አመስግነው ሸኙት። እሱም አልተቀየመም፤ «የእኔ ሙያ ለአንድ ሰው ነው» እያለ ለደንበኞቹ ያወራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ የሞተ ወንድሙን ብስክሌት እየነዳ አገር ለአገር ስለሚዞር ሰው የተሠራ ፊልም አዩ። ሲያልቅ ባልየው በመሀረቡ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር።

«እንዴት ያለ ፊልም ነው!» አለ።

«ምኑ?» አለች።

«እንዴት ምኑ? አልነካሽም?»

«አንተዬ፣ ሰውየው መንገድ በሄደ ቁጥር ቆሞ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ተራኪዋ ሰማይ ሰማይ ስትል አፏ ደረቀ። ሰማዩ ላይ ምን አለ?»

«ጥልቀት ነዋ! እያሰበ ነው!»

«ጥልቀት አይደለም፣ የሚሠሩት ጠፍቷቸው ነው። ብስክሌቱ ሲወድቅ ብቻ ነው ደህና የነበረው።»

ባልየው ወደ እሷ ዞረ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ስለ ፊልም ተከራክረው አያውቁም ነበር። እንዴት ይከራከራሉ? እስከዛሬ እሷ ያየችው የእሱን ፊልም ነው፤ እሱ ከወደደው ትወደዋለች፣ ከጠላው ትጠላዋለች፣ አማት ከጣለ አማቷ ትወድቃለች። አሁን እዚህ ጎኑ፣ ክንዷን አጣጥፋ፣ አንዲት ነገረኛ ተመልካች ተቀምጣበታለች።

«አንቺ ፊልም አይገባሽም» አለ፣ እየተደሰተ።

«አንተ ነህ የማይገባህ። ማልቀስ መረዳት መሰለህ?»

ክርክሩ ሻይ እየጠጡ ቀጠለ፣ ሳህን እያጠቡም ቀጠለ። ሰኞ ዕለት ባልየው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ፊልሙን ያዩትን ደንበኞች እየጠየቀ ድጋፍ አሰባሰበ። እሷ ደግሞ በሻይ ሰዓት ወደ ምድር ቤቱ ብቅ ያለችውን የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ፣ «ያን የብስክሌት ፊልም አይተሽዋል? ሰማዩ አልሰለቸሽም?» አለቻት።

«ኧረ ተይኝ፣ እኔማ ግማሹ ላይ ተኛሁ!»

ኦፕሬተሯ በድል አድራጊነት ማዳመጫዋን አጠለቀችና ወደ ፀጉር ቤቱ ደወለች።

«አንድ ደጋፊ አግኝቻለሁ» አለችው። «ቅዳሜ ደግሞ የምመርጠው እኔ ነኝ።»

«ምን ልታሳይኝ ነው?»

«መኪና የሚገለበጥበት።»

«ኧረ በናትሽ፣ እኔ እንደዚያ ዓይነቱን አልወድም…»

«እንግዲያው ዓይንህን ጨፍን፤ እኔ እነግርሃለሁ» ብላ ወደሚቀጥለው መስመር ተሻገረች።